የፊት ፍሬን ዲስክ እንክብካቤና ቅየራ፦ ከዲስኩ በፊት ሞዞውን እዩት

ከሱሉልታ ወደ አዲሱ ገበያ ቁልቁል ስትወርዱ ፍሬን በነካችሁ ቁጥር መሪው ከተንቀጠቀጠ ምክር አታጡም። ያገኛችሁት ሁሉ "ዲስኩ ተጣሟል፤ ወይ ቀይረው፣ ወይ ቶርኖ ቤት ውሰደው" ይላችኋል። ዲስኩ መበላሸቱ እውነት ሊሆን ይችላል። ምን አበላሸው ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ዲስኩ የሚቀመጥበት ሞዞ ላይ የተጋገረ ዝገት ነው። ወይም ደርቆ አልንቀሳቀስ ያለ የካሊፐር ፒን (ሸራውን የሚያጣብቀው ካሊፐር የሚንሸራተትበት ዘንግ) ነው። ወይም ያለ ልክ የጠበቀ የጎማ ዳዶ ነው። እነዚህን ሳታስተካክሉ አዲስ ዲስክ ብትገጥሙ መጀመሪያ ልስልስ ብሎ ይሄድላችኋል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ያው መንቀጥቀጥ ይመለሳል።

መመሪያው የፊት ፍሬናቸው ዲስክ ለሆነ የቤት መኪኖች ነው፦ ቪትዝ፣ ያሪስ፣ ኮሮላ፣ ስዊፍት፣ ዲዛየርና የመሳሰሉት። የብዙዎቹ የኋላ ፍሬን ታምቡር ስለሆነ እሱን እዚህ አንነካውም። ሥራው ለእጁ ትንሽ ለቀና ሰው ከባድ አይደለም። ፔዳሉ ወደ ታች የሚሰምጥ፣ ፍሬን ዘይት የሚያንጠባጥብ ወይም ዳሽቦርዱ ላይ የፍሬን መብራት የበራ መኪና ካላችሁ ግን ይህን አቁሙና መካኒክ ጥሩ።

መንቀጥቀጡ ከየት ይመጣል

ዲስኩ የጊዛ ብረት ነው። ፍሬን ስትረግጡ ካሊፐሩ ሁለት ሸራዎችን ከውስጥና ከውጭ ያጣብቅበታል። የመኪናው ሩጫ ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ረጅም ቁልቁለት ላይ ዲስኩ ከ300 ዲግሪ በላይ ሊግል ይችላል። ብዙ ሰው "ሙቀት አጣሞት ነው" የሚለው ለዚህ ነው። ጊዛ ግን እንዲህ በቀላሉ አይጣመምም። ከጋራዥ የሚወጡት "የተጣመሙ" ዲስኮች አብዛኞቹ ውፍረታቸው የተዛባ ነው፤ አንዱ ቦታ ቀጠን፣ ሌላው ወፈር ብሏል።

እንዴት? ዲስኩ ጎማው ከሚታሰርበት ሞዞ (ሃብ የሚሉትም አሉ) ላይ ይቀመጣል። እዚያ ገጽ ላይ አንድ ጎን የወረቀት ውፍረት የሚያህል፣ ማለትም 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝገት አለ እንበል። ዲስኩ ከሞዞው በጣም ስለሚሰፋ ያቺ ትንሽ ዝንባሌ ጠርዙ ላይ ስትደርስ ወደ እጥፍ ትጠጋለች። ብዙ አምራቾች የሚፈቅዱት ውልግድግድ ግን 0.05 ሚሊ አካባቢ ነው። ስለዚህ ዲስኩ ሲሽከረከር ይወላገዳል። ፍሬን ሳትረግጡ እንኳ በየዙሩ አንድ ቦታ ላይ ሸራውን ይላጫል፣ እሱም ይላጫል። ሺህ ኪሎ ሜትሮች ሲጠራቀሙ ያ ቦታ ይቀጥናል። የሁለት መቶኛ ሚሊ ልዩነት እግራችሁ ይሰማዋል።

ይህን ከተረዳችሁ የሚከተለው ሁሉ ግልጽ ነው። የካ አባዶ ያለ ጎረቤቴ ለአንድ ቪትዝ ሁለት ጊዜ ዲስክ አስቀይሯል። ሦስተኛውን ሊገዛ ሲል ጎማውን አብረን ፈታን። ሞዞው ላይ በብሎኖቹ ዙሪያ የዝገት ቅርፊት እንደ ቀለበት ተሠርቶ ነበር፤ በካቻቢቴ ጫፍ ሲነካ እየተላጠ ይወድቃል። ዲስክ የቀየረለት ሰው አዲሱን በዚያ ላይ ነበር የጫነው።

መጀመሪያ በእርግጥ ፍሬኑ መሆኑን ለዩ

መሪው የሚንቀጠቀጠው ፍሬን ስትረግጡ ብቻ ከሆነ የፊት ዲስኮችን ጠርጥሩ። ፍሬን ሳትረግጡም በ80 እና በ90 የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ጉዳዩ የጎማ ባላንስ ወይም ያበጠ ጎማ ነው፤ ዲስክ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። ኤቢኤስ (ጎማው እንዳይቆለፍ የሚከላከል ፍሬን) ያለው መኪና ጠጠር ላይ በኃይል ሲረገጥ ፔዳሉ እግር ሥር "ትርርር" ይላል። እሱ ሥራውን እየሠራ ነው፤ ተዉት።

ሲያዝ ቀጭን "ሲሪሪ" የሚል ድምፅ ብዙ ጊዜ ሸራው ማለቁን የሚናገር የብረት ምላስ ነው። "ገርርር" የሚል የብረት በብረት ድምፅ ከሆነ ሸራው አልቆ የጀርባው ብረት ዲስኩን እየፈቀፈቀ ነው። ያን ቀን መኪናውን አቁሙት።

አንድ ሌላ ፍተሻ አለ፤ መሣሪያ አይፈልግም። ከተለመደው መንገዳችሁ ስትመለሱ መኪናውን አቁማችሁ እጃችሁን ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ ጠጋ አድርጉ። አትንኩ፤ ያቃጥላል። ሙቀቱን ብቻ አነጻጽሩ። የቀኙ ከግራው በግልጽ ከጋለ፣ ወይም የተቃጠለ ሽታ ካለ፣ የጋለው በኩል ካሊፐሩ ሸራውን አልለቅ ብሏል ማለት ነው። መኪናው ወደ አንድ ጎን መጎተቱም ከዚሁ ሊመጣ ይችላል።

ጠዋት ስትነሱ ዲስኩ ላይ የምታዩት ቀላ ያለ ዝገት አያስደንግጣችሁ። ክረምት ሌሊቱን ሲዘንብ ያደረ፣ ወይም ከላቫጆ የወጣ መኪና ሁሉ እንደዚያ ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ስትይዙ ይጠፋል። ሸራው ከሚነካው ቦታ ላይ ጉድጓድ ጉድጓድ የሠራ ዝገት ግን አይለቅም። ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ሳምንት ሙሉ ቆሞ እሁድ ብቻ የሚነሳ መኪና ይህ ያጠቃዋል። የኤሌክትሪክ መኪና የያዛችሁም ልብ በሉ። ሞተሩ ራሱ ስለሚይዝላችሁ ዲስኩ ከማለቅ ይልቅ በዝገት ይሞታል። ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ ባዶ መንገድ ላይ ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙ።

ውፍረቱን በሁለት ሳንቲም መለካት

ዲስኩ ላይ፣ ብዙ ጊዜ በቆቡ (መሃሉ ላይ ወጣ ባለው ክፍል) ወይም በጠርዙ በኩል፣ ዝቅተኛው ውፍረት በሚሊ ሜትር ተጽፏል። በዝገት ከተሸፈነ በብረት ብሩሽ ቦረሽ አድርጉት። ቁጥሩ የመጣያ ልክ ነው። 20 ካለ፣ 20 ሲደርስ ይጣላል እንጂ እስከ 19 አይነዳም። የቀጠነ ዲስክ ሙቀት መያዝ አይችልም፤ ሊሰነጠቅም ይችላል።

ችግሩ አለካኩ ላይ ነው። ያገለገለ ዲስክ ጠርዙ ላይ ሸራው ያልነካው ከንፈር ይቀራል። ቨርኒየሩን (የውፍረት መለኪያውን) በቀጥታ ብታስገቡ የሚለካው ከንፈሩን ነው፤ "ገና አዲስ ነው" ብሎ ያታልላችኋል። መፍትሔው ቀላል ነው። ሁለት የአንድ ብር ሳንቲም ውሰዱ። አንዱን ከውጭ፣ አንዱን ከውስጥ፣ ሸራው የሚሄድበት መንገድ ላይ ለጥፉ። ሳንቲሞቹን ጨምራችሁ ለኩ። ከዚያ የሁለቱን ሳንቲም ውፍረት ለብቻ ለክታችሁ ቀንሱ። የቀረው የዲስኩ እውነተኛ ውፍረት ነው። ዲስኩን ዙሩት፤ ስድስት ሰባት ቦታ ላይ ለኩ። በሱቅ ቨርኒየር መቶኛ ሚሊ አይለካም፤ ለዚያ ማይክሮሜትር ያስፈልጋል። የመጣያ ልኩን ማለፍ አለማለፉን ለማወቅ ግን በቂ ነው።

ሸራውንም እግረ መንገዳችሁን እዩ። ከጀርባው ብረት ውጭ የቀረው 3 ሚሊ ገደማ ከሆነ ቀይሩት። የውስጡንም አጎንብሳችሁ ማየት አትርሱ። ፒን ሲደርቅ ብዙ ጊዜ የሚያልቀው የውስጡ ነው፤ ከውጭ የሚታየው ደህና መስሎ ይሸውዳል።

ቶርኖ ቤት ስለመውሰድ የኔ አቋም ይኸው፦ ተላጭቶ ከመጣያ ልኩ በግልጽ በላይ የሚቀር ከሆነ ምንም አይደለም። ለትንሽ መኪና ዲስክ ግን አዲስ ሆኖ ሲመጣም የሚላጭ ሥጋው ሁለት ሚሊ ገደማ ነው። ያገለገለውን ከላጫችሁት ብዙም አይተርፍም። ቶርኖው ላይ ሲታሰርም የዲስኩ መቀመጫ ካልጸዳ ተጣምሞ ይላጫል፤ ከነበረበት የባሰ ሆኖ ይመለሳል።

ግዢ

መርካቶ ሶማሌ ተራ ስትሄዱ ሊብሬውን ወይም የሻንሲ ቁጥሩን ፎቶ ያዙ። "የቪትዝ" ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ ሞዴሉ በየዘመኑ ይለያያል። ከተቻለ አሮጌውን ዲስክ ይዛችሁ ሂዱ። የዳር ለዳር ስፋቱን፣ የመሃል ቀዳዳውን፣ የብሎን ቀዳዳዎቹን ብዛትና የቆቡን ከፍታ አስተያዩ። የመሃል ቀዳዳው ሰፍቶ ሞዞው ላይ የሚዋዥቅ ዲስክ አትውሰዱ።

ዲስክ ሁልጊዜ ጥንድ ነው የሚገዛው፤ የቀኝና የግራ። አንዱን ብቻ ከቀየራችሁ መኪናው ሲያዝ ወደ አንድ በኩል ሊስብ ይችላል። ሸራውም አብሮ ይቀየራል። አሮጌ ሸራ በአሮጌው ዲስክ ቅርጽ ተበልቷል፤ አዲሱን ዲስክ በትክክል አይነካውም። ያገለገለ ዲስክ ርካሽ ነው ብላችሁ አትጓጉ፤ ስንት ሚሊ እንደቀረው ሳትለኩ ብር አትክፈሉ። ርካሹን "አዲስ" ስታዩም በሁለት ገጾቹ መሃል ያሉት የአየር መተላለፊያ ክንፎች እኩል መሆናቸውን፣ የሁለቱም ገጽ ውፍረት አንድ መሆኑን በዓይናችሁ አረጋግጡ።

አብራችሁ የምትገዙት፦ ብሬክ ክሊነር ስፕሬይ፣ ለፍሬን ፒን የሚሆን ሙቀት የሚችል የሲሊኮን ግራሶ፣ የብርጭቆ ወረቀት። የኩሽኔታ ግራሶ ፒን ላይ እንዳትቀቡ። የማዕድን ዘይት የፍሬኑን ጎማዎች ያሳብጣል፤ ያበጠ ጎማ ደግሞ ፒኑን መልሶ ይይዘዋል።

ከቤት የሚያስፈልገው፦ ክሪክ፣ ሁለት የመኪና ማቆሚያ ስታንድ፣ ታኮ፣ የጎማ መፍቻ፣ ቡሶላ ቁልፎች (በቶዮታ ላይ ብዙ ጊዜ 12 ወይም 14 እና 17)፣ የብረት ብሩሽ፣ መዶሻ፣ ሽቦ፣ አናጺዎች እንጨት የሚያጣብቁበት ክላምፕ፣ ጓንትና ማስክ። ቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ መፍቻ) ካለው ሰው ተበደሩ። ዋጋ አለው።

መፍታት

ቦታው ደልዳላና ጠንካራ ይሁን። ከከተማው ዳር ዳር ያለን ሰዎች ግቢያችን ብዙውን ጊዜ ቀይ አሸዋ ወይም አፈር ነው፤ ኮብልስቶን ቢሆንም ዝንባሌ አለው። አፈር ላይ ክሪክ ይሰምጣል። ግዴታ ከሆነ ሰፊና ወፍራም ጣውላ ከክሪኩም ከስታንዱም ሥር አድርጉ። ብሎኬት አትጠቀሙ። ብሎኬት ሳያስጠነቅቅ ነው የሚፈርሰው።

የእጅ ፍሬን ያዙ። ማርሹን አንደኛ ላይ፣ አውቶማቲክ ከሆነ ፓርክ ላይ አድርጉ። የኋላ ጎማዎችን ከፊትም ከኋላም በታኮ ደግፉ። ጎማው መሬት ላይ እያለ ዳዶዎቹን ሩብ ዙር ያህል ብቻ አላሉ። ከዚያ በክሪክ አንሱ፣ ስታንድ አስገቡ፣ መኪናውን ስታንዱ ላይ አሳርፉና ወዘወዝ አድርጉት። ካልተነቃነቀ ጎማውን አውጡ። የወጣውን ጎማ ከመኪናው ሆድ ሥር አጋድሙት። ስታንዱ ቢከዳችሁ እሱ ይቀበላል።

አንዱን ጎን ጨርሳችሁ ነው ወደ ሌላው የምትሄዱት። ያልተነካው ጎን ሞዴላችሁ ነው። የትኛው ምላስ የት እንደሚገባ ብትረሱ ዞር ብላችሁ ታያላችሁ። ስልካችሁም ይርዳችሁ፤ በየደረጃው ፎቶ አንሱ።

አቧራውን በአፍ ወይም በኮምፕረሰር አትንፉ። የፍሬን ብናኝ ለሳንባ መጥፎ ነው፤ ድሮ የተሠራ ሸራ ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ይችላል። በብሬክ ክሊነር ወይም በሳሙና ውኃ አርጥባችሁ በጨርቅ ጥረጉ።

አሁን ኮፈኑን ክፈቱና የፍሬን ዘይት ጠርሙሱን እዩ። እስከ ላይኛው መስመር ሞልቶ ከሆነ በንጹሕ ሲሪንጅ ትንሽ ቅዱ። ካሊፐሩ ውስጥ ሸራውን የሚገፋው ፒስቶን ወደ ውስጥ ሲመለስ ዘይቱ ወደ ላይ ይመጣል። ቀለም ላይ ከፈሰሰ ይላጥላችኋል፤ ወዲያው በብዙ ውኃ እጠቡት።

የካሊፐሩን ሁለት ትንንሽ ብሎኖች ከኋላ በኩል ፍቱ። አንዳንዱ ላይ የታችኛውን ብቻ ፈትታችሁ ካሊፐሩን ወደ ላይ መገልበጥ ይቻላል። ለዲስክ ቅየራ ግን ሙሉ በሙሉ ይውጣ። አሮጌውን የውስጥ ሸራ ፒስቶኑ ላይ አድርጋችሁ በክላምፑ ቀስ እያላችሁ ግፉ። ቀስ በቀስ፣ በአንድ ትንፋሽ አይደለም። ቀጥ ብሎ ካልገባና ከተያዘ፣ ወይም የፒስቶኑ ጎማ ተቀዶ እርጥበት ካያችሁ ካሊፐሩ ራሱ ጥገና ይፈልጋል። (የኋላ ዲስክ ኖሮት የእጅ ፍሬኑ ካሊፐሩ ውስጥ ያለ መኪና ላይ ፒስቶኑ እየተሽከረከረ ነው የሚገባው። በቀጥታ ገፍታችሁ እንዳትሰብሩት።)

ካሊፐሩን በሽቦ ከሞላው ጋር እሰሩት። በቱቦው እንዲንጠለጠል በጭራሽ አትተዉት። ቱቦው ውስጡ ሊቀደድ ይችላል። ከውጭ ምንም አይታይም፤ ፍሬኑ ግን ከያዘ በኋላ አልለቅ ይላል።

ሸራዎቹን አውጡ። ቀጥሎ የካሊፐሩን ተሸካሚ የያዙት ሁለት ትልልቅ ብሎኖች አሉ፤ ብዙውን ጊዜ 17 ናቸው፣ በደንብ የጠበቁ። ረጅም እጀታ ያስፈልጋችኋል። መኪናው ስታንድ ላይ ስለሆነ በሰውነት ክብደት አትዘሉበት፤ ወደራሳችሁ በተረጋጋ ጉልበት ሳቡ።

ዲስኩ አሁን ነጻ ነው። እናውቃለን፣ አይወጣም። ለዓመታት ዝናብና ጭቃ የበላ ዲስክ ሞዞው ላይ የተበየደ ያህል ይይዛል። መዶሻ ከማንሳታችሁ በፊት ግንባሩን እዩት። ቶዮታ ላይ ከጎማ ብሎኖቹ መሃል ጥርስ ያላቸው ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ። ባለ 8 ሚሊ ብሎን፣ ጥርሱ 1.25 የሆነ፣ ሁለት ፈልጉና አስገቡ። አንዱን ትንሽ፣ ሌላውን ትንሽ እያላችሁ በየተራ አጥብቁ። "ጧ" ብሎ ይለቃል። ቀዳዳ የሌለው ከሆነ በመሃል ቀዳዳውና በብሎኖቹ ዙሪያ ፀረ ዝገት ስፕሬይ ነፍታችሁ ጠብቁ፤ ከዚያ ቆቡን እያዞራችሁ በመዶሻ ምቱ። ልትጥሉት ለሆነ ዲስክ ነው እንዲህ የሚደረገው። መልሳችሁ የምትገጥሙትን የሸራ መንገዱን አትምቱ።

ሞዞው፦ ዋናው ሥራ

ብዙ ጋራዥ ውስጥ ይህን ለማድረግ ሦስት ደቂቃ አይጠፋም። እናንተ ሰላሳ ደቂቃ ስጡት።

መጀመሪያ በብረት ብሩሽ መላውን ገጽ ቦርሹ። ቅርፊቱ ይረግፋል። ከዚያ በብሎኖቹ ሥር ዙሪያውን እዩ። ዝገት የሚደበቀው እዚያ ነው፤ ብሩሽ በደንብ አይደርስበትም። የብርጭቆ ወረቀት ቁራጭ በጣታችሁ ጠቅልላችሁ በየብሎኑ ዙሪያ አዙሩ። የመሃሉን ቀለበት፣ ዲስኩ የሚሰካበትን፣ እንዲሁ። በሞረድ አትጠቀሙ፤ ዝገቱን ብቻ ነው የምትፈልጉት፣ ብረቱን ከነካችሁ ሌላ ጉድለት ፈጠራችሁ።

ጓንታችሁን አውልቁና የጣታችሁን ጫፍ በገጹ ላይ ዙሪያውን አሂዱ። ዓይን የማያየውን ጉብታ ጣት ያገኘዋል። ቀጥ ያለ ብረት፣ የብረት ማስመሪያም ቢሆን፣ ገጹ ላይ አቁማችሁ ከኋላ የስልክ መብራት አብሩ። ብርሃን አንዱ ጋ ብቻ የሚሾልክ ከሆነ ሌላው ጋ ገና ከፍታ አለ። ስትጨርሱ ሞዞው ግራጫና ደረቅ ይሁን። ግራሶ በወፍራሙ አትቀቡት፤ እሱም ውፍረት ነው።

አዲሱ ዲስክ ከፋብሪካ ሲወጣ እንዳይዝግ ዘይት ተቀብቷል። ሁለቱንም ገጽ በብሬክ ክሊነር እጠቡ። ካጣችሁ ሙቅ ውኃና ኦሞ ይበቃል፤ ወዲያው አድርቁት። በናፍጣ አትጠቡ፤ ቅባት ይተዋል፣ ቅባቱን ደግሞ ሸራው ይጠጣዋል።

ዲስኩን አስቀምጡና በሁለት ዳዶ እሰሩት። አዙሩት። ረጅም ካቻቢቴ ተሸካሚው ላይ አስደግፋችሁ ጫፉን ወደ ዲስኩ ገጽ ፀጉር ያህል አቅርቡና ዙሩን ሁሉ ክፍተቱን እዩ። ክፍተቱ እየሰፋ እየጠበበ ከሄደ ዲስኩን አውጡ፤ አንድ ቀዳዳ አዙራችሁ መልሳችሁ ሞክሩ። ባለ አራት ብሎን መኪና አራት አቀማመጥ አለው። በጣም የተረጋጋውን ያዙ። ዲያል ጌጅ (ጥቃቅን ውልግድግድ የሚለካ መሣሪያ) ያለው መካኒክ ጎረቤት ካላችሁ ደግሞ ዓይናችሁን ማመን አያስፈልግም፤ ቁጥሩን ያነብላችኋል።

ፒንና መልሶ መግጠም

ሁለቱን ፒኖች ከተሸካሚው ሳቡ። በእጅ ተጎትተው መውጣት፣ ተገፍተውም መግባት አለባቸው። ከለገጣፎና ከሱሉልታ የአፈር መንገድ የሚመጣ መኪና ላይ ጎማው ትንሽ ከተቀደደ አቧራ ገብቶ ከድሮው ግራሶ ጋር ጭቃ ሠርቶ ታገኙታላችሁ። ሙልጭ አድርጋችሁ ጥረጉ፣ ቀዳዳውንም እጠቡ። የዛገውን በለስላሳ ብርጭቆ ወረቀት አሹ፤ የተቦረቦረውን ግን ቀይሩት። አዲሱን ግራሶ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። ላይኛውና ታችኛው ፒን አንድ ላይሆኑ ይችላሉ፤ አታለዋውጡ።

የሸራው ጆሮዎች የሚንሸራተቱበትን የተሸካሚውን ቦይም ቦርሹ። አዲስ ሸራ ሳይጨናነቅ በጣት ተገፍቶ መሄድ አለበት። ያለ መዶሻ ካልገባ ቦዩ ገና ቆሻሻ ነው፣ ወይም ሸራው የእናንተ መኪና አይደለም።

ተሸካሚውን እሰሩ፣ ሸራዎቹን አስገቡ፣ ካሊፐሩን መልሱ። ማጥበቂያ ልኩን ከመኪናችሁ መመሪያ መጽሐፍ ወይም ከጥገና መጽሐፉ ውሰዱ። ለጎማ ዳዶ የብዙ ትንንሽ ቶዮታዎች ልክ 103 ኒውተን ሜትር ነው። ቅባት የነካው እጅ የሸራውን ገጽ እንዳይነካ።

ጎማውን ስትመልሱ የቸርኬውን የውስጥ ገጽ፣ ከዲስኩ ጋር የሚገናኘውን፣ እሱንም ቦርሹ። ዳዶዎቹን በተቃራኒ በኩል እየተሻገራችሁ፣ መጀመሪያ በእጅ፣ ከዚያ ግማሽ፣ መኪናው ከወረደ በኋላ ሙሉ አጥብቁ። እዚህ ላይ ስለ ጎሚስታ አንድ ነገር ልበል። ጎማ ስታስጠግኑ ልጁ አንዱን ዳዶ በአየር መፍቻ እስኪጮህ ካጠበቀው በኋላ ወደ ጎረቤቱ ከሄደ፣ ወይም መፍቻው ላይ ቆሞ ከዘለለ፣ ያጸዳችሁትን ሞዞና ዲስክ በአንዴ ያዛባዋል። በትህትና "ወንድሜ፣ በእጅ አስረው፣ እያሻገርክ" በሉት። ቅር አይለውም።

ከመንቀሳቀሳችሁ በፊት

ሞተር ከማስነሳታችሁ በፊት ፔዳሉን ደጋግማችሁ ርገጡ። የመጀመሪያው ረገጣ ባዶ ነው፤ እስከ ታች ይሄዳል። ፒስቶኑ ወደ ኋላ ስለተገፋ ሸራው ገና ዲስኩን አልነካውም። ጠንካራ እስኪሆን ርገጡ። ይህን የረሳ ሰው መኪናውን ከግቢ በሩ ጋር ያጋጫል፤ ሰው ፊት ለፊት ቆሞ ከሆነም ከዚያ የከፋ ይሆናል። ከዚያ የዘይቱን መጠን እዩና ከጎደለ ክዳኑ ላይ የተጻፈውን ዓይነት ጨምሩ። ዶት 3 ካለ ዶት 3 ነው። ዶት 5 የሚባለው ሲሊኮን ነው፤ ከዚህ ጋር አይደባለቅም።

አዲስ ሸራና አዲስ ዲስክ መለማመድ አለባቸው። እሁድ ማለዳ የኮዬ ፈጬ ወይም የለገጣፎ ሰፋፊ መንገዶች ባዶ ሲሆኑ ውጡ። የአዳማው ፈጣን መንገድ ለዚህ አይሆንም። ከ50 ወይም ከ60 ተነስታችሁ ሳትቆሙ እስከ 10 ድረስ በመካከለኛ ኃይል ያዙ። ግማሽ ደቂቃ ያህል ንዱና ይብረድ። ስምንት አሥር ጊዜ ድገሙት። በመሃል ሙሉ በሙሉ አቁማችሁ ፔዳሉን ረግጣችሁ አትጠብቁ፤ የጋለ ሸራ አሻራውን ዲስኩ ላይ ያትማል፣ ያ አሻራ በኋላ መንቀጥቀጥ ይሆናል። ትንሽ ሽታ ቢመጣ የተለመደ ነው። ከዚያ አሥር ደቂቃ ያህል ፍሬን ብዙም ሳትነኩ ነድታችሁ አቀዝቅዙት። የመጀመሪያዎቹን 300 ኪሎ ሜትር በርጋታ ያዙ። ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላም የጎማ ዳዶዎቹን እንደገና አረጋግጡ።

ዕድሜውን ማርዘም

ቁልቁለት ላይ በዜሮ ማርሽ መውረድ ነዳጅ ያተርፋል ብሎ የሚያስብ ሰው አሁንም አለ። ኢንጀክሽን ያለው መኪና ማርሽ ውስጥ ሆኖ የነዳጅ ፔዳሉ ሲለቀቅ ነዳጅ መርጨት ያቆማል፤ በዜሮ ሲሆን ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ይረጫል። ስለዚህ ከእንጦጦ ስትወርዱ፣ ወደ ጎጃም ስትሄዱም ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ሸለቆ ስትገቡ፣ ማርሽ ቀንሱ። አውቶማቲክ ከሆነ ኤል ወይም ቢ ላይ አድርጉ። ፍሬኑን ያለማቋረጥ ከመንካት ይልቅ ጠበቅ አድርጎ ይዞ መልቀቅ ይሻላል። በመሃል አየር ያገኛል።

ከቁልቁለት ወርዳችሁ ቀጥታ ላቫጆ አትግቡ። የጋለ ጊዛ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ቢረጭ ሊሰነጠቅ ይችላል። ቡና ጠጡ፣ ይቀዝቅዝ። ጭቃ ሰሞን ደግሞ ከሸራና ከዲስክ መሃል የሚገባው ጠጠር መስመር እንዳይጭር ቸርኬውን ከውስጥም አስጠቡ።

የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 3 አዲስ ሲሆን የሚፈላው ቢያንስ በ205 ዲግሪ ነው፤ ውኃ ሲጠጣ ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ዘይት ሲፈላ አረፋ ይሆናል፣ ፔዳሉም እንደ ስፖንጅ ይሰምጣል። በየሁለት ዓመቱ አስቀይሩት፤ ለቦሎ ምርመራ ስትሄዱ ማስታወስ ይቻላል። ምርመራው ፍሬኑ የዚያን ቀን መያዙን ይነግራችኋል፤ ዘይቱ ስንት ዓመት እንደቆየ አይነግራችሁም። ጎማ ስታቀያይሩ ደግሞ ፒኖቹን በእጅ ሞክሩ፣ ሸራውን ከሁለቱም በኩል እዩ።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ መንቀጥቀጡ ከቀጠለ ሌላ ዲስክ ለመግዛት አትሩጡ። ጎማውን አንሱና እንደ ሰዓት ገጽ በ12 ሰዓትና በ6 ሰዓት ላይ (ከላይና ከታች) ይዛችሁ ወዝውዙት። ቋ ቋ ካለ ኩሽኔታው ነው፣ ወይም የታች ቦል ጆይንቱ። በ3 እና በ9 ሰዓት ካለ የመሪ ዘንጎቹ ናቸው። ሁሉም ጠንካራ ከሆነ ባላንስ አስደርጉ። ባላንሱም ካልፈታው ሞዞው ራሱ ተመቶ ሊሆን ይችላል፤ ጉድጓድ ውስጥ በፍጥነት የገባ መኪና ላይ ያጋጥማል። ያን ጊዜ ሞዞውን ያለ ዲስክ በዲያል ጌጅ የሚለካ መካኒክ ፈልጉ።